ስለ ሕፃናት አመጋገብና ጤና፦ የአዲስ ወላጆች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በሕፃናት ክፍል በነርስነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት ደጋግመው ይቀርቡልኝ የነበሩት ጥያቄዎች ዛሬም ከእናንተ ዘንድ መጥተዋል። ልጁን ሳያዩ መድኃኒት ማዘዝ ስለማይገባ በመልሶቼ ውስጥ የመድኃኒት መጠን አልጽፍም።

ጥያቄ፦ ከወለድሁ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ከጡቴ የሚወጣው ጥቂት ቢጫ ፈሳሽ ብቻ ስለሆነ አማቴ «ልጁ ርቦታል፣ ቅቤ ይላስ» ይላሉ። ምን ላድርግ?

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ያ ቢጫ ፈሳሽ እንገር ነው፤ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ብዙ ነገር ስለያዘ አንዲቱም ጠብታ መጣል የለባትም። የአራስ ሕፃን ሆድ በመጀመሪያው ቀን የሚይዘው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ጥቂቱ እንገር ለእርሱ በቂ ነው። ወተቱ በብዛት የሚመጣው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የሚያመጣውም መጥባቱ ራሱ ስለሆነ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢው። ቅቤ ግን ወደ ሳንባው ሊገባ፣ ተህዋስያንንም ሊያስገባበት ይችላል፤ በቅቤና በስኳር ውሃ ሆዱ የሞላ ልጅም ጡቱን ስለሚተው ወተቱ ይቀንሳል። አማትሽ ይህን የሚሉት ከፍቅር ነውና አታስቀይሚያቸው፤ ቅቤውን በገንፎ አድርገው ለአንቺ እንዲሰጡሽ ለምኛቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ብዙ ያለቅሳል። ወተቴ በቂ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሕፃን በብርድ፣ በድካም፣ በሆድ ቁርጠትና እቅፍ በመፈለግም ስለሚያለቅስ፣ ልቅሶ ብቻውን የረኃብ ምስክር አይሆንም። ሽንቱንና ክብደቱን ይመልከቱ። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ፈዛዛ ሽንት ከሸና፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቀነሰውንም ክብደት እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ከመለሰ ወተትዎ ይበቃዋል። ብዙ እናቶች እነዚህን ሁለቱን ሳያዩ የቆርቆሮ ወተት ሲጀምሩ ማየት ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ለቁርጠቱ የአብሽ ውሃ መስጠት ይቻላል?

አይቻልም። ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በስተቀር ከጡት ሌላ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም፤ ሙቀት ባለባቸው እንደ አፋርና ጋምቤላ ባሉ አካባቢዎችም ቢሆን እንዲሁ ነው።

ጥያቄ፦ ልጃችን ሴት ስለሆነች ክርስትናዋ በ80ኛው ቀን ነው። ከዚያ በፊት ከቤት እንዳትወጣ ተነግሮናል። ክትባቱ ቢዘገይ ምን ይጎዳል?

ይህ ጥያቄ በመነሣቱ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም በዚህ ሳቢያ ሴቶች ልጆች ከወንዶቹ ይልቅ ሲዘገዩ አይቻለሁ። በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር መሠረት ሕፃን እንደተወለደ ከሚከተበው ቀጥሎ ያሉት ቀጠሮዎች በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ናቸው። ስድስተኛው ሳምንት በ42ኛው ቀን፣ አሥረኛው ደግሞ በ70ኛው ቀን ስለሚሞላ፣ 80ውን ቀን የምትጠብቅ ሕፃን ሁለት ቀጠሮ ያመልጣታል። ትክትክና የሳንባ ምች ደግሞ ይበልጥ የሚበረቱት በእንደነዚህ ያሉ ጨቅላዎች ላይ ነው። ሸፍናችሁ ውሰዷት፤ ለሕክምና መውጣት ክርስትናዋን አያጎድልባትም።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። በክረምት ልጃችንን እንዴት ፀሐይ እናሙቃት?

አያስፈልጋችሁም። በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ከፀሐይ የሚገኘው ቫይታሚን ዲ ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በየቀኑ በጠብታ እንዲሰጥ ስለሚመክሩ፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የልጄ ዓይን ቢጫ ሆኗል። ያስፈራል?

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚጀምር መጠነኛ ቢጫነት በብዙ ሕፃናት ላይ ታይቶ ይጠፋል። ነገር ግን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ እስከ መዳፉና እስከ ውስጥ እግሩ ከደረሰ፣ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም ልጁ ፈዞ መጥባት ካቃተው በዚያው ቀን ይታይ። የመስኮት ፀሐይ የሆስፒታሉን የብርሃን ሕክምና አይተካም።

ጥያቄ፦ ልጄ ስድስት ወር የሚሞላው በዐቢይ ጾም ነው። በጾም እንቁላል ማብሰል ይከብደኛል። አጥሚት ብቻ ብሰጠው አይበቃም?

አይበቃም፤ ይህንንም የምለው ጭንቀትዎን ተረድቼ ነው። በስድስት ወር ገደማ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው የብረት ክምችት እየተሟጠጠ ስለሚሄድ፣ ጡቱን እየጠባ ተጨማሪ ምግብ መጀመር አለበት። ቀጭን አጥሚት ትንሽ ሆዱን በውሃ ይሞላዋል እንጂ አያሳድገውም። ሦስት እጅ ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከጤፍ፣ አንድ እጅ ደግሞ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ አድርገው ምጥን ያስፈጩ፤ ገንፎው ማንኪያው ሲዘነበል የማይፈስ መሆን አለበት። የተፈጨ ጎመን፣ ካሮት፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ ሲቻልም የደቀቀ ሥጋ ይጨምሩበት። እስከ ስምንት ወር በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይመግቡት፤ ማር ግን ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ። ጾሙን በተመለከተ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያለን ሕፃን እንዲጾም አያስገድድም። ዕቃው እንዳይነካካ የሚሰጉ ከሆነ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለእርሱ ብቻ ይለዩለት፤ ብዙ እናቶች በዚህ ተገላግለዋል።

ጥያቄ፦ የስድስት ሳምንት ልጄ ከትናንት ጀምሮ ያስላል፣ ጡትም እምቢ ብሏል። ጎረቤቶቼ «እንጥሉ ወርዷልና ይቆረጥ» አሉኝ።

እባክዎ አያስቆርጡት። እንጥል መቁረጥ ሳልን አያድንም፤ በደም መፍሰስና በቁስል ምርቀዛ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። በዚህ ዕድሜ መጥባት ማቆም ብቻውን የአደጋ ምልክት ስለሆነ፣ ነገን ሳይጠብቁ አሁኑኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም ከ35.5 በታች መቀዝቀዝ፣ እንዲሁም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ካለ ለሐኪሙ ወዲያው ይንገሩ። በመንገድም ልጁን ከልብስዎ ውስጥ ከደረትዎ ጋር አስጠግተው ያሙቁት፤ መጥባት ከቻለ ጡትዎን እየሞከሩ ይሂዱ።