የድብርት መድኃኒት ሲቀየር፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ለዚህ ቡድን አባላት የምመልሰው ከአንድ የድብርት መድኃኒት ወደ ሌላ ስለ መሻገር ብቻ ነው። ፋርማሲስት ነኝ፤ መድኃኒት አላዝም፣ ያዘዘላችሁን ሐኪምም አልተካም። ጠያቂዎች የመድኃኒቱን ስም፣ ሚሊግራሙንና የመጨረሻውን ፍሬ የዋጣችሁበትን ቀን ጻፉልኝ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ፍሎክሰቲን 20 ሚሊግራም ለረጅም ጊዜ ስወስድ ቆይቻለሁ። እንቅልፍ ስለነሳኝ ሐኪሜ ወደ አሚትሪፕቲሊን ሊቀይሩልኝ ነው። ፍሎክሰቲኑን አቁሜ ጥቂት ቀናት እንድቆይ፣ ከዚያም በትንሽ መጠን እንድጀምር ነግረውኛል። በመሐል ያለ መድኃኒት መቆየቱ አያሰጋም?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም። ሐኪምዎ ግን በትክክል ነግረውዎታል፤ ያለ መድኃኒት የሚቆዩ ይመስልዎታል እንጂ አይቆዩም። ፍሎክሰቲን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ብቻ ከ4 እስከ 6 ቀናት ይፈጅበታል፤ ጉበት ከእርሱ የሚሠራው ኖርፍሎክሰቲን የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ እስከ 16 ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ፍሬ ከዋጡ ከሳምንታት በኋላም መድኃኒቱ ሥራውን አልጨረሰም። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ፦ ፍሎክሰቲን አሚትሪፕቲሊንን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ ለሌላ ሰው ልክ የሆነው መጠን በእርስዎ ደም ውስጥ ከታሰበው በላይ ሊከማች፣ ከባድ የእንቅልፍ ስሜት፣ የሽንት መቸገርና ከዚያም አልፎ የልብ ምት መዛባት ሊያስከትል ይችላል። በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። ጎረቤትዎ 75 ሚሊግራም ትወስድ ይሆናል፤ የእርሷ መጠን እርስዎን አይመለከትም። ለሕመም ማስታገሻ ትራማዶል የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪምዎ ሳይናገሩ አይቀጥሉ። ከቅያሬው በኋላ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ ብዙ ላብና መቅበጥበጥ አንድ ላይ ከመጡ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ተቀይሮልኝ ጥሩ አይሰማኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው መድኃኒት? በስንት ሚሊግራም? ከመቼ ጀምሮ? ሕይወትዎን የማጥፋት ሐሳብ የሚመጣብዎት ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ይተዉትና ዛሬውኑ ሰው ይዘው ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን አካባቢ)፦ የጤና ኢንሹራንሴ ተቋርጦ ቬንላፋክሲን 150 ሚሊግራም ካቆምኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ዓይኔን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ጭንቅላቴን ኮረንቲ እንደሚይዘኝ ይሰማኛል፤ ያዞረኛል፣ ያለ ምክንያትም አለቅሳለሁ። ሕመሙ ተመለሰብኝ ወይስ ሱሰኛ ሆኛለሁ?

መልስ፦ ሁለቱም አይመስለኝም፤ ጥያቄዎን ግን እንደዚህ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ቬንላፋክሲን ከፍሎክሰቲን በተቃራኒ በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት የሚወጣ መድኃኒት ነው፤ ድንገት ሲቋረጥ የሚያስቸግረውም በተለይ እርሱና ፓሮክሰቲን የተባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት ናቸው። በቀናት ውስጥ ከማዞርና ከኮረንቲ ስሜት ጋር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የማቋረጥ ምልክት ነው፤ ድብርቱ ራሱ ሲመለስ ግን በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው፤ ኮረንቲም የለውም። ዛሬውኑ ላዘዘልዎ ሐኪም ደውለው ካቆሙ ስንት ቀን እንደሆነ ይንገሩ። ሐኪሙ መልሶ ካስጀመረዎ ምልክቱ በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀልላል፤ ከዚያ በኋላ መጠኑን ደረጃ በደረጃ መቀነስ ይቻላል። ቀስ እያለ የሚለቀቀውን እንክብል ለመቀነስ ብለው አያኝኩት። በራስዎ ውሳኔም መድኃኒት አያቁሙ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ሰርትራሊኔ ነጭ ነበር፤ አሁን ቢጫ ሰጡኝ።

አንድ አባል፦ የህንድ ይሆናል። የህንድ አይሠራም፤ ከውጭ አስልኩ።

ሌላ አባል፦ እኔ ለዓመታት ቀጥ ብዬ የቆምኩት በህንዱ ነው። ሰውን አታስደንግጥ።

መልስ፦ ክርክሩ ይብቃ። ስሙና ሚሊግራሙ ከተመሳሰለ መድኃኒት አልተቀየረብዎትም፤ ቀለም የአምራቹ ጉዳይ ነው። ግን 50 ሚሊግራም የነበረው 100 ሆኖ እንዳይሆን ማሸጊያውን ያንብቡ።

ጥያቄ (አንዲት እናት፣ ከደሴ)፦ የ19 ዓመት ልጄ መድኃኒቷ ወደ ፍሎክሰቲን ከተቀየረ ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ቁጭ ማለት አቅቷታል። ጠበል ልወስዳት አስቤአለሁ፤ መድኃኒቱን ታቁም?

አንድ አባል፦ እማማ፣ ጠበልና ኪኒን አብረው አይሄዱም።

ሌላ አባል፦ ይህን ማን አለ? በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ በይፋ ተናግረው አልነበረም?

መልስ፦ እናቴ፣ ጠበሉ ይቅደም አይቅደም የእናንተ ውሳኔ ነው፤ መድኃኒቷን ግን ይዛ ትሂድ፤ በራሷም አታቁም። እኔን ያሳሰበኝ ቁጭ ማለት ማቃቷ ነው። ከ25 ዓመት በታች ባሉ ወጣቶች፣ በተለይ መድኃኒት ሲጀመርና መጠን ሲቀየር፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር እንደሚችል ማስጠንቀቂያ አለ። ስለዚህ ቀጠሮዋን ሳትጠብቁ በነገው ዕለት ሐኪሟ ይያት፤ እስከዚያ ብቻዋን አትተዋት፣ የመድኃኒቱንም ማሸጊያ እርስዎ ዘንድ ያኑሩት። መቅበጥበጧ ዛሬ ከባሰ፣ ወይም ስለ ሞት ካነሳች ግን ነገን አትጠብቁ። የጾሙ ነገር ካስጨነቃችሁ የሚዋጥበት ሰዓት ሊቀየር ስለሚችል እሱንም አብራችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኔ መድኃኒቱን ከትናንት ወዲያ ራሴ አቁሜ አዲሱን...

መልስ፦ ከላይ ጽፌአለሁ። ስም፣ ሚሊግራም፣ ቀን። በራስ ውሳኔ አይቆምም፣ አይጀመርም።

ጥያቄ፦ አረቄ ትንሽ ትንሽ?

መልስ፦ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር አይሆንም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ከአሚትሪፕቲሊን ወደ ሰርትራሊን አሻግረውኝ ጨርሻለሁ። የተረፈኝን አሮጌውን ፍሬ ላስቀምጠው?

መልስ፦ አያስቀምጡት። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን ይጎዳል፤ ለሕፃን ጥቂት ፍሬም አደገኛ ነው። ለዘመድም አይስጡት። ወደ ገዙበት ፋርማሲ ወስደው እንዲያስወግዱልዎ ይስጧቸው።