በአረጋውያን መርጃ ማኅበር ቦርድ ውስጥ ሙያ የሚጠቅመው እንዴት ነው?

ከባንክ ሥራ ጡረታ መውጣትዎን ጠቅሰው፣ ደሴ የሚገኝ አንድ የአረጋውያን መርጃ ማኅበር ለቦርድ አባልነት ስለጋበዝዎ ሙያዎ በምን ሊጠቅም እንደሚችል ጠይቀዋል። እኔም በኦዲተርነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በዚያው ከተማ በተመሳሳይ ማኅበር ቦርድ ውስጥ ስላገለገልሁ፣ ከደረሰብኝ ተነሥቼ ልመልስልዎ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ የቦርድ አባልነትን ከቢሮ ሠራተኛነት ጋር መቀላቀሌ ነበር። መዝገቡን የተዝረከረከ ሆኖ ስላገኘሁት ራሴ ልጽፈው ተቀመጥሁ፤ የሂሳብ ሠራተኛዋም እኔን ሳታማክር አንድ ደረሰኝ እንኳ የማትመዘግብ ሆነች። ኋላ ታምሜ ሁለት ወር ስተኛ መዝገቡ እኔ በተውሁበት መስመር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚህ የከፋው ደግሞ እኔው በጻፍሁት ሂሳብ ላይ በስብሰባ ጠያቂውም መላሹም እኔው መሆኔ ነው፤ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ አሠራር ባገኝ ኖሮ በቀይ አሰምርበት ነበር።

ሌላው የሚያሳፍረኝ ነው። ወርኃዊው ድጎማ በተወካይ ፊርማ ሲወጣ አይቼ፣ ተቀባዩ ራሱ ቀርቦ፣ መታወቂያ አሳይቶ፣ በጣት አሻራ ይውሰድ ብዬ አስወሰንሁ። በባንክ ደንብ ትክክል ነበርሁ። በቀጣዩ ክፍያ ግን አንዲት እናት ከጦሳ ተራራ ሥር፣ በነሐሴ ጭቃ፣ በጎረቤት ልጅ ጀርባ ታዝለው መጡ። የቦርድ አባል የነበሩት የቅሬ ዳኛ (ቅሬ የምንለው እድርን ነው፤ በብዙ ሰፈራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል) «ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ ከቅሬው ቀድሞ የሚሰማ የለም፤ በቅሬው ሰው ፊት ቤታቸው ድረስ ለምን አይሰጣቸውም?» አሉ። እኔ የጨመርሁት ከፋዩ፣ ምስክሩና መዝጋቢው የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ፣ ምስክሩም በየጊዜው እንዲቀየር ብቻ ነበር። ሙያዬ በትክክል የሠራው ያን ቀን ይመስለኛል።

የእርስዎ ዕውቀት ያለ ጥርጥር የሚፈለግበት ቦታም አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። የእኛ ማኅበር ደመወዝን ሁሉ በአንድ ርእስ ይጽፍ ስለነበር ጣሪያውን ያለፍን መስሎን፣ ቤት ለቤት እየዞረች ደም ግፊት የምትለካውንና ቁስል የምታጥበውን ነርስ ለማሰናበት ተቃርበን ነበር። የእርሷ ደመወዝ የማኅበሩ ዓላማ ማስፈጸሚያ፣ የጸሐፊዋ ግን የአስተዳደር ወጪ መሆኑን ከሕግ ባለሙያው አባል ጋር ሆነን አዋጁን ገልጠን አስረዳን፤ ነርሷም ቀረችልን።

ስለዚህ እሺ ከማለትዎ በፊት ያለፈውን የኦዲት ሪፖርትና የአንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ ያስነብቡዎት። ቃለ ጉባኤው ውሳኔ ብቻ እንጂ አንድም የአባላት ጥያቄ ካልያዘ፣ ምክንያቱን ሰብሳቢውን ይጠይቁ። አንድ የክፍያ ቀንም ሳይናገሩ ተቀምጠው ይመልከቱ።