ጥያቄና መልስ፦ ከአስፋልት ወደ ሐዋሳ ሐይቃችን የሚወርደው ጎርፍ

ከየሰፈሩ የምትልኩትን ጥያቄ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት እመልሳለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት የመንገድ ውሃ ማፋሰሻ ላይ ነው። መንገዱ ለምን ተቆፈረ፣ መቼ ይደፈናል የሚል ጥያቄ ግን እኔን አይመለከትም።

ከአቶቴ፦ ጋሼ፣ ጎርፍ ያው የዝናብ ውሃ አይደል እንዴ? ሐይቅ ቢገባ ምን ይጎዳል?

እኔም ወጣት ሆኜ እንደዚያ ነበር የማስበው። አንድ ዓመት በጋው ረዝሞ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ባዶ ሃይላንድ ይዤ ከዋናው መንገድ ካልቨርት (ጎርፉን በመንገዱ ሥር የሚያሳልፈው ቱቦ) አፍ ቀዳሁ። ቡና ነው የሚመስለው። መስኮት ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው ከታች ሁለት ጣት የሚያህል ጥቁር ዝቃጭ ተኝቷል፤ ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ተንሳፏል። ነገሩ ያለው ዝቃጩ ውስጥ ነው። ከጎማ የሚፋቀው ዚንክ፣ ከፍሬን ሸራ የሚረግፈው መዳብ፣ የጭሱ ጥላሸት፣ ብዙው ከደቃቅ ደለል ጋር ተጣብቆ ነው የሚጓዘው። በጋውን ሙሉ የተጠራቀመውን ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ጠራርጎ ያወርደዋል።

ሌላ ከተማ ቢሆን ወንዝ ይዞት ይሄድ ነበር። የእኛ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ውሃው ይተናል፣ ይዞት የመጣው ይቀራል።

ከታቦር፦ ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ሲሚንቶ ቦዩን እርሱት። እሱ ቆሻሻውን ፈጥኖ ማድረሻ ነው። መንገድ ዳር ሰፋ ያለ፣ ተዳፋቱ ለስላሳ የሆነ የሣር ቦይ ይሠራል፤ ውሃው ከሣሩ ቁመት ሳይበልጥ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ደለሉን ይጥላል። ቁልቁለት ከሆነ በየመሃሉ ዝቅ ያለ የድንጋይ እርከን። ቀጥሎ ደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ፣ ከዚያ ፊላና ቄጤማ ያለበት ኩሬ፤ የሟሟውን በከፊል የሚይዙት አፈሩና ሥሩ ናቸው። የጉድጓዱ መውጫ ቱቦ አፉ ወደ ታች ታጥፎ ከውሃው ወለል በታች ይሁን፤ ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ውሃው ከሥር ይወጣል።

መጠኑን ለማወቅ፦ 10 ሜትር ስፋት፣ 1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አስፋልት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 200 ሜትር ኩብ ነው። ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ 20 ጊዜ ማለት ነው። ቦታ ሳትተዉ ኩሬ አትሳሉ።

ከአረብ ሰፈር፦ ውሃችን ውስጥ ያለው ፍሎራይዱስ?

ከስምጥ ሸለቆው ድንጋይ ነው፤ ከመንገድ አይመጣም። ቀጣይ።

ከመነኻሪያ፦ ላቫጆ አለኝ፣ ውሃዬን ወደዚህ ሣር ቦይ ብለቀውስ?

አይቻልም። ይህ ለዝናብ ውሃ ነው። ሳሙናና የተቃጠለ ዘይት የራሱ ማጣሪያ አለው።

ከዳቶ፦ ደጄ ላይ ጉድጓድ ቆፍሬ የመንገዱን ጎርፍ ባሰርገው ጥሩ አይደል? አፈሩ አሸዋ ነው፣ ወዲያው ይጠጣል።

ችግሩ ወዲያው መጠጣቱ ነው! አሸዋና ፓሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ውሃውን ሳያጣራ ያሳልፋል፤ ከጎረቤትህ የውሃ ጉድጓድ ትገናኛላችሁ። ሳይጠራ አይሰረግም። የጣራህን ውሃ አስርግ፣ የአስፋልቱን ተው።

ከአሞራ ገደል፦ ዓሣውን እንብላ አንብላ?

ከፒያሳ፦ ጥሬውን በዳጣ የበላ ሰው ጎማ ሲያምመው አላየሁም።

ከአሞራ ገደል፦ አንተ ቀልድ! ጥሬ ዓሣ ያለ ጎማም ያማል፣ እህቴ ተኝታለች።

ከፒያሳ፦ ዳጣው አንሶ ነው።

ዳጣውን ሌላ ቦታ ጨርሱት። ዓሣውን ሳይመረመር ብሉም አትብሉም አልልም። አሜሪካ ውስጥ ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ ከሚጨመር ኬሚካል የሚፈጠር ነገር ኮሆ የሚባለውን ሳልሞን እንደሚገድል በ2020 ታውቋል። ቆሮሶ ግን ሳልሞን አይደለም፤ የዚያን ውጤት እዚህ አልገለብጥም።

ከሚሊኒየም፦ ኩሬው ወባ አያመጣም?

በሁለት ሦስት ቀን የሚደርቅ ከሆነ አያፈላም፤ ትንኝ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል። ውሃ የሚቋጥረው ግን ክትትል ይፈልጋል።

ከአቶቴ፦ በአጭሩ ምን ይደረግ?

ከላይ አንብብ። ሁለት ጊዜ አልጽፍም።

ይልቅ ማንም ያልጠየቀኝን ልንገራችሁ፤ ማን ይጠርገዋል? በአንድ ከተማ (ስሟን አልጠራም) ያማረ ኩሬ ሠርተን አስረከብን። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን። በሁለተኛው ክረምት ብመለስ ደለሉ እስከ መውጫው ሞልቷል፣ ሃይላንዱ ቱቦውን ደፍኖታል፣ ጎርፉ ኩሬውን አልፎ ሰው ቤት ገብቷል። የመጥረጊያ በጀት የሚባል መስመር አልነበረም። ኤክስካቫተር መግቢያ መንገድ እንኳን አልተውንም፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው። አሁን ዲዛይን ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን መንገድ ነው። ከዝናቡ በፊት ይጠረጋል፣ ካለፈ በኋላ ይታያል። ሳይጠረግ አይሠራም፣ ሳይጠራ አይሰረግም።

ከዳቶ፦ የተጠረገውን ደለል ለአቮካዶ ችግኜ ብወስደውስ? ጥቁር ነው፣ ለም ይመስላል።

ጥቁርነቱ የጎማ ነው። ተመርምሮ ለብቻው ይጣላል፣ ጓሮ አይገባም። ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ ደህና እደሩ።