አሮጌ የጀልባ ሞተርና የባሕር ጨው፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሙያውን የጀመርኩት ምጽዋ ነው። አሁን ሲያትል ውስጥ ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠሉ ሞተሮችን እጠግናለሁ። እጄ ላይ የሚመጡት አብዛኞቹ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገሉ ናቸው። እነዚህን ሞተሮች እወዳቸዋለሁ። ገና ብዙ መሥራት የሚችል ሞተር በጨው ተበልቶ ሲጣል ማየት ያንገበግበኛል። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጅቡቲ ነው ያለሁት። ባለ 40 ፈረስ ጉልበት አሮጌ ያማሃ አለኝ። ባሕሩ ዳር የቧንቧ ውሃ የለም፤ ንጹሕ ውሃ በጀሪካን ነው የምናመጣው። እንዴት አድርጌ ልጠበው?

በርሜል ተጠቀም ወንድሜ። አፉ የተቆረጠ ባለ 200 ሊትር በርሜል ይበቃሃል። መጀመሪያ ፕሮፔለሩን ፍታው። የሞተሩን እግር፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚገባውን የታችኛውን ክፍል፣ በርሜሉ ውስጥ አስገባና ውሃው ሞተሩ ውሃ ከሚስብባቸው ቀዳዳዎች በላይ ከአንድ ጋት እስኪያልፍ ሙላ። ውሃ ሳይኖር ለአፍታም እንዳታስነሳው። የውሃ ፓምፑ የላስቲክ ክንፎች በደረቁ ከዞሩ ወዲያው ይቃጠላሉ።

ማርሽ ሳታስገባ ቀስ ብሎ ለ10 ደቂቃ ይሥራ። ብዙ ሰው ሁለት ደቂቃ አስነስቶ ያጠፋና አጠብኩ ይላል። አላጠበም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቴርሞስታቱ፣ በሙቀት የሚከፈተው የውሃ በር፣ ዝግ ስለሆነ ንጹሑ ውሃ በሲሊንደሩ ዙሪያ በደንብ አይዞርም። ቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ በእጅህ ስትነካው ሞቅ ማለት አለበት።

ውሃ ለመቆጠብ ሁለት በርሜል ያዝ። ባለፈው የታጠበበት ውሃ ለመጀመሪያው እጠባ ይሁን፤ ንጹሑ ለማለቅለቂያ። ቀይ ባሕር በሊትር ወደ 40 ግራም ጨው አለው። ሞተሩ ውስጥ አንድ ሊትር ብቻ ቀርቶ ቢደርቅ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው በየቀጫጭኑ መተላለፊያ ተጋግሮ ይቀራል ማለት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ በዚያ ላይ ሌላ ይጨመራል። ከዚያ መንገዱ ይዘጋል፣ ሞተሩ ይግላል። ሲጨርስ እግሩን ወደ ታች ቀጥ አድርገህ ውሃው ተንጠፍጥፎ ይውጣ።

ጥያቄ፦ እኔም ሲያትል ነኝ። ጀልባዬ የሚቆመው ሌክ ዩኒየን ነው፤ ቅዳሜና እሁድ በባላርድ በር አልፌ ወደ ባሕሩ እወጣለሁ። አንዱ ሻጭ የዚንክ አኖድ (ሞተሩ እንዳይበላ የሚገጠም ቁራጭ ብረት) ግዛ ይለኛል፣ ሌላው የማግኒዥየም። የቱን ልግዛ?

ሁለቱንም ተዋቸው፤ የአሉሚኒየም አኖድ ግዛ። የአንተ ጉዳይ ለየት ያለ ነው። እነዚያ የውሃ በሮች ከ1917 ጀምሮ ጨዋማውን ባሕርና ጨው አልባውን ሐይቅ ያገናኛሉ፤ ስለዚህ ሞተርህ በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ውሃ ያገኛል። ማግኒዥየም ባሕር ውስጥ ቶሎ ሟሙቶ ያልቃል። ዚንክ ደግሞ ጨው በሌለው ውሃ ላዩ ላይ ቅርፊት ያወጣና ሥራውን ያቆማል። ለአኖድ ተብሎ የተሠራው አሉሚኒየም ግን ሁለቱም ጋ ይሠራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ጨው ውሃ ውስጥ ሲገቡ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው ይበላል። አኖድ የምንገጥመው በሞተሩ አካል ፈንታ እሱ እንዲበላ ነው። ግማሹ ሲያልቅ ይቀየራል። ቀለም አይቀባም።

አንድ ደንበኛዬ ሞተሩን ሲያመጣልኝ አኖዱ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ አዲስ ነው ብሎ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩ። ስፈታው ከሥሩ ወፍራም ቀለም አገኘሁ። አኖዱ ከሞተሩ ብረት ጋር አልተነካካም ነበር። ከፕሮፔለሩ አጠገብ ያለውን አካል በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ ሳደርገው ነጭ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ስለዚህ አዲሱን ከመግጠምህ በፊት የሚቀመጥበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ባዶ ብረት አድርገው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነው የምሠራው። ጣና ላይ ይህ ሁሉ ያስፈልገናል?

ጣና ጨው የለውም፤ ጭንቀታችሁ ያነሰ ነው። አኖዳችሁ ግን ዚንክ ከሆነ በማግኒዥየም ወይም በአሉሚኒየም ቀይሩት። ሞተሩ ባሕር ላይ ሠርቶ የመጣ አሮጌ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ቤቱን እዩ። የቆየ ጨው ካለ እዚያ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ የእግሩን የማርሽ ዘይት ሳፈስ ማኪያቶ መሰለ። በዚሁ ሲዝኑን ልጨርስ?

አይሆንም። ውሃ ገብቷል። ኩሽኔታና ጥርሶቹ ይዝጋሉ። ፕሮፔለሩን አውጥተህ ዘንጉን እይ፤ ብዙ ጊዜ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሞ ፓራኦሊውን፣ ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገውን ቀለበት፣ ቆርጦት ይገኛል። ፓራኦሊውንና የዘይት ቀዳዳዎቹን ብሎኖች ጎሚኒ ቀይር። አዲሱን ዘይት ከታችኛው ቀዳዳ ሙላ፣ በላይኛው እስኪወጣ። ከላይ ከሞላህ አየር ይቀራል።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነኝ። ትናንሽ ሞተሮች ከጀልባ ተነቅለው ባሕር ሲወድቁ አይቻለሁ። የእኔ ቢወድቅስ?

ካወጣኸው በኋላ አየር ላይ አታሳድረው። ዝገቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ወዲያው በንጹሕ ውሃ እጠበው፣ ካንዴላዎቹን ፍታ፣ ገመዱን በእጅህ ቀስ እያልክ ሳብ፣ ውሃው ይውጣ። አልንቀሳቀስ ካለ አታስገድደው። ካርቡራተሩን አፍስስ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ጨምርና በዚያው ቀን አስነሳው። በዚያው ቀን ካልቻልክ መካኒክ እስክታገኝ ድረስ ንጹሕ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአሽዶድ ነው። የአባቴን ሞተር ላስነሳው ብዬ ነበር። የውሃ ፓምፑን ልቀይር ስል የእግሩ ብሎኖች አልፈታ አሉ፤ አንዱ ተቆረጠ። ቀሪዎቹን ፈራሁ።

መፍራትሽ ልክ ነው እህቴ፤ ጉልበት አትጨምሪ። ብሎኑ የማይዝግ ብረት ነው፤ የገባበት አካል አሉሚኒየም ነው። መሐል ላይ የአሉሚኒየሙ ነጭ ዝገት አብጦ ጥርሱን ቆልፎታል። ሰርጎ የሚገባ ዘይት ነፍተሽ አሳድሪው። በማግስቱ የነዳጅ ጋኑን አርቂ፣ የተረፈውን ዘይት ጥረጊና ዙሪያውን አሉሚኒየም በእሳት አሙቂ። ብሎኑን ራሱን አይደለም። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረቱ የበለጠ ይሰፋል፤ ይለቃል። ከዚያ ትንሽ አጥብቂ፣ ትንሽ ፍቺ፣ እንደገና አጥብቂ። ሩብ ዙር ከሄደልሽ ተገላገልሽ። የተቆረጠውን ለባለሙያ ተዪው።

ስትመልሺ እያንዳንዱን ብሎን ውሃ የማያጥበው የጀልባ ግሪስ ቀቢው። መዳብ ያለበትን አትጠቀሚ፤ አሉሚኒየሙን ያስበላዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ምንም ባይሆን እንኳ በዓመት አንዴ እነዚህን ብሎኖች ፈትተሽ ግሪስ ቀብተሽ መልሺ። እኔ አሮጌ ሞተር ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፤ ብሎኖቹ ከተፈቱልኝ ሌላው ሁሉ ይጠገናል። ፓምፑን ስታወጪ የላስቲኩን ክንፎች ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ስብርባሪው ወደ ላይ ወጥቶ እንደሆነ አብረን እናያለን።