«ልጅዎ ይግባ፤ እርስዎ ደጅ ይጠብቁ» ተባልኩ፤ ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። በልጅነቴ በፖሊዮ ስለተጎዳሁ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ባለፈው እሑድ የስድስት ዓመት ልጄን ሐይቁን ላሳየውና ዓሣ ላበላው ይዤው ወጣሁ። ባጃጁ ዊልቸሬን እንደ ጭነት ቆጥሮ እጥፍ አስከፈለኝ። ሐይቁ ዳር ያለው መዝናኛ መግቢያው የሚሽከረከር ብረት ስለሆነ ጥበቃዎቹ የጎኑን የመኪና በር እስኪከፍቱልኝ ብዙ ለመንኳቸው። ምግብ ቤቱ ሦስት ደረጃ አለው፤ አስተናጋጆቹ «ተሸክመን እናስገባዎት» አሉኝ። ልጄ ሽንቱ ሲመጣ የመጸዳጃ ቤቱ በር ዊልቸሬን ስለማያሳልፍ የማላውቀው ሰው ይዞት ገባ። በዚያው ሕንፃ ውስጥ ያለው የልጆች መጫወቻ ጥበቃ ደግሞ «ልጅዎ ይግባ፤ እርስዎ ደጅ ይጠብቁ» አለኝ። ለኃላፊው ስናገር «እኔ ተከራይ ነኝ፤ ሕንፃው የእኔ አይደለም» ብሎ አሰናበተኝ። የሚያስገድዳቸው ሕግ አለ? ልክሰሳቸው? ልጄን ብቻውን አስገብቼው ቢወድቅስ ተጠያቂው ማን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሚያስገድዳቸው ሕግ አለ። ክስ ግን የመጀመሪያ እርምጃዎ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንዲህ ያለ በደል የደረሰበት ሰው ወደ ጠበቃ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በእጁ የሚይዘው ሕገ መንግሥቱን ነው። የእኩልነት መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 25 እና ስለ አካል ጉዳተኞች የሚናገረው አንቀጽ 41 የእርስዎም መብቶች ናቸው። ነገር ግን አንቀጽ 41 ግዴታውን የሚጥለው በመንግሥት ላይ ነው፤ እሱንም የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ ለዝቦታል። የምግብ ቤቱን ደረጃ በቀጥታ የሚነካው ሌላ ሕግ ነው፤ የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001። አንቀጽ 36 አጭርና ግልጽ ነው። ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ ሰዎችም ሆኑ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት መግቢያ ሊኖረው ይገባል ይላል። ቀጥሎም መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልገው ሕንፃ ውስጥ በቂ ቁጥር ያላቸው መጸዳጃዎች ለአካል ጉዳተኞች ተስማሚና የሚደረስባቸው እንዲሆኑ ያዛል።

ባለቤቱ «የግል ንብረቴ ነው እንጂ የሕዝብ አይደለም» ሊልዎት ይችላል። የሕዝብ መገልገያ የሚያሰኘው በሩ ለማን ክፍት ነው የሚለው እንጂ ካርታው በማን ስም ነው የሚለው አይደለም። ዓሣ ጥብስ ከፍሎ ሊበላ ለመጣ ሰው ሁሉ የተከፈተ ቤት ደረጃው ላይ ሲደርሱ ብቻ የግል ሊሆን አይችልም።

«ተሸክመን እናስገባዎት» የሚለውን ላቆየው አልፈልግም። አስተናጋጆቹ በቅንነት እንዳሉት አልጠራጠርም። ሕጉ የሚጠይቀው ግን እርስዎ የሚጠቀሙበት መግቢያ እንዲኖር ነው፤ የሰው ትከሻ መግቢያ አይደለም። ሲወጡም፣ መጸዳጃ ሲፈልጉም፣ ልጁ ወደ ውጭ ሲሮጥም ያው ሁለት ሰው መጥራት ሊኖርብዎት ነው። በመሐል እጃቸው ቢከዳና እርስዎ ቢወድቁ ደግሞ የጉዳት ካሳ ክርክር ይከተላል። ስለዚህ በትሕትና እምቢ ማለትዎ መብትዎ ነው፤ እምቢ ማለትዎም «እናስገባት ብለን ነበር፤ እሷ ናት ያልፈለገችው» ለሚል መከላከያ ሊውል አይገባም።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ። አቤቱታ ሲቀርብበት ብዙ ባለቤት የሚያደርገው አንድ ሜትር ጣውላ ደረጃው ላይ ጋድም አድርጎ «ይኸው ራምፕ» (የዊልቸር መወጣጫ ተዳፋት) ማለት ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ልክ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነው። ሦስቱ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 16 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ ከፍታው 48 ነው፤ ተገቢው ራምፕ ወደ ስድስት ሜትር ሊጠጋ ነው ማለት ነው። በአንድ ሜትር ጣውላ ላይ ዊልቸር ወደ ኋላ ይገለበጣል። ስለዚህ በአቤቱታዎ ላይ «ራምፕ ይሠራልኝ» ብቻ ሳይሆን «ያለ ሰው እርዳታ በደኅና የምወጣበት ተዳፋት» ብለው ይጻፉ።

ተከራይ ነኝ ያሉት ኃላፊ ግማሽ እውነት አላቸው። ሕንፃውን በሕጉ መሠረት የመገንባት ግዴታ የባለቤቱ ነው፤ ደረጃ አፍርሶ ራምፕ መሥራትም ያለ እሱ ፈቃድ አይሆንም። ይሁን እንጂ «እርስዎ ደጅ ይጠብቁ» ያለው የባለቤቱ ሳይሆን የተከራዩ ጥበቃ ነው። ጠረጴዛ ወደ ደጅ ማውጣት፣ የጎን በር መክፈት፣ ልጁን ከሚያዩበት ቦታ ማስቀመጥ ሕንፃ የማይነካ፣ ገንዘብም የማይፈልግ ነገር ነው። ስለዚህ በአቤቱታዎ ሁለቱንም ይጥቀሱ፤ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይላከክ።

የጉዳይዎ ቁልፍ ሕንፃው መቼ ተሠራ የሚለው ነው። ከአዋጁ በኋላ ፈቃድ ያገኘ ሕንፃ ከሆነ ፕላኑ ለከተማው ቀርቦ ጸድቋል። ከልምዴ እንደማውቀው ራምፑ ወረቀት ላይ ተስሎ መሬት ላይ የሚጠፋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ፕላኑ ላይ ራምፕ የነበረበት ቦታ ሲገባ የፍሪጅ መደርደሪያ ወይም የሞተር ብስክሌት ማቆሚያ ሆኖ ይገኛል። ደረጃው ፕላኑ ላይም ያለ ራምፕ ጸድቆ ከሆነ ጥያቄው ወደ አጽዳቂው ይዞራል። በሁለቱም መንገድ መልሱ ያለው በከተማው መዝገብ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጉዞዎ ወደ ሕንፃ ሹሙ ይሁን። አዋጁ በየከተማው ያቋቋመው ይህ ሹም ፕላን የሚያጸድቅ፣ ግንባታ የሚቆጣጠር፣ ጉድለት ሲገኝም እንዲስተካከል ማዘዝ የሚችል ነው። ማመልከቻዎ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ቀኑን፣ የሕንፃውን አድራሻ፣ የደረጃውን ብዛትና የመጸዳጃውን በር ስፋት ይጻፉበት፤ ከዚያ የጸደቀው ፕላን ከመሬቱ ጋር እንዲመሳከር፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ ተሰጥቶት እንደሆነ እንዲገለጽልዎትና ጉድለቱ በተወሰነ ጊዜ እንዲታረም ይጠይቁ። መዝገብ ቤት ሲያስገቡ ግልባጩ ላይ ቀንና ማኅተም አስመትተው ይያዙ። ማኅተም የሌለው ማመልከቻ እንዳልገባ ይቆጠራል፤ ይህን ሳያደርጉ የመጡ ደንበኞች ብዙ አድክመውኛል። የፕላን መረጃ አንሰጥም ከተባሉ በመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የጽሑፍ ጥያቄ ያቅርቡ፤ መሥሪያ ቤቱ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ማስረጃ ሲያሰባስቡ ሜትር ከደረጃው አጠገብ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ፤ የመጸዳጃውን በር ስፋትም እንዲሁ። የከፈሉበትን ደረሰኝ አይጣሉ። ጥበቃውንና በዚያ የነበሩ የሌሎች ሰዎችን ልጆች ግን አያንሱ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። በፌስቡክ ለመለጠፍ ከቸኮሉ ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት እንዳይዞሩ እሰጋለሁ።

የሐይቁ ዳር መግቢያ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ክፍት ሜዳና የእግር መንገድ ሕንፃ ስላልሆኑ አንቀጽ 36 በቀጥታ አይደርስባቸውም። እዚህ የሚያገለግልዎት ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የአገሪቱ የሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 9 መንገድንና ከቤት ውጭ ያሉ አገልግሎቶችን ጭምር ተደራሽ ማድረግን ይጠይቃል። አንቀጽ 2 ተመጣጣኝ ማመቻቸትን (ከአቅም በላይ ሸክም የማይሆን ማስተካከያን) መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል። የመኪናውን በር መክፈት በጀት አይጠይቅም፤ ስለዚህ የአቅም ማነስ ክርክር እዚህ ቦታ የለውም። ለእርስዎ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ብዙ ሰው የማይጠቅሰው አንቀጽ 23(2) ነው፤ አካል ጉዳተኞች ልጅ የማሳደግ ኃላፊነታቸውን እንዲወጡ መንግሥት ተገቢውን ድጋፍ እንዲያደርግ ያስገድዳል። እርስዎ የተከለከሉት መዝናናት ብቻ አይደለም፤ ልጅዎን መጠበቅ ነው። በአቤቱታዎ ላይ ይህን በግልጽ ይጻፉት። የስምምነቱን ሙሉ ቃልም አያይዙ፤ የማጽደቂያ አዋጁ አጭር ስለሆነ ብዙ ባለሥልጣን ዋናውን ጽሑፍ አይቶት አያውቅም።

ባጃጁን በተመለከተ፣ በታሪፍ መስመር ላይ ከነበረ ታሪፉ የሚቆጠረው በሰው ነው፤ ዊልቸር ደግሞ እግርዎ እንጂ ጭነት አይደለም። የታርጋ ቁጥሩን ይዘው ለከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። በኮንትራት ተስማምተው ከሄዱ ግን ዋጋው የስምምነት ጉዳይ ስለሆነ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም።

ወደ ክሱ ስመለስ፣ መሠረት የለውም እያልኩ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 10 በሰውነት መብት (ሰው በመሆናችን ባለን መብት) ላይ የሚደርስ ሕገ ወጥ ተግባር እንዲቆም የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ቁጥር 2035 ደግሞ ግልጽ የሕግ ድንጋጌን መጣስ ጥፋት ነው ይላል። ችግሩ ገንዘቡ ላይ ነው። በአካልዎ ላይ ጉዳት ስላልደረሰ የሚቀርልዎት የሕሊና ጉዳት ካሳ ነው፤ 1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ ጣሪያውን 1,000 ብር ላይ ቸንክሮታል። ዛሬ አንድ ሺህ ብር የዚያን ቀን ምሳ ይሸፍን ይሆናል። ለዚህ ሲሉ በቀጠሮ መመላለስ አይመከርም። ሕንፃ ሹሙ ዝም ካለዎት ግን መንገዱ አልተዘጋም፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አላቸው፤ አቤቱታ ማቅረብም ያለ ክፍያ ነው። ማመልከቻ በመጻፍ የሚያግዝዎት ካስፈለገ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ከወሰኑ ከውል ውጭ ኃላፊነት (ያለ ውል ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቅበት) ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ አይዘንጉ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ከሁሉ የከበደኝ ነው። ልጁ ብቻውን ገብቶ ከሸርተቴው ቢወድቅ፣ መጫወቻው ጉድለት ካለበት ወይም ጠባቂ ካልመደበ ባለድርጅቱ ተጠያቂ ነው። «ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ማስታወቂያ መለጠፉ ብቻውን ጥፋቱን አይሰርዝለትም። የባለድርጅቱ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው ግን «እናትየው ሕፃን ልጅ ያለ ጠባቂ ለቀቀች» የሚል ነው፤ የተጎጂው ወገን ጥፋት ካሳን ስለሚቀንስ ክርክሩ ቀላል አይደለም። መልስዎ የሚሆነው ከልጅዎ የለየዎት ራሱ ድርጅቱ መሆኑ ነው፤ ይህን ደግሞ በምስክር ማስረዳት ይኖርብዎታል። ስለዚህ ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲገጥምዎት ልጁ ከመግባቱ በፊት አጠገብዎ ያለ ሰው እየሰማ «እኔን ከከለከላችሁ ልጄን የሚጠብቀው ማን ነው? ስሙን ንገሩኝ» ብለው ይጠይቁ። ስም ከሰጡዎት ኃላፊነቱን ተቀበሉ ማለት ነው። ካልሰጡዎት ልጁን አያስገቡ፤ የመግቢያ ብር ከፍለው ከሆነም ደረሰኙን ይዘው ገንዘብዎን እንዲመልሱ ይጠይቁ።