የላም ደም ለሰው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አጋሮ ነው ያለሁት፣ ቡና እነግዳለሁ። ባለቤቴ ወልዳ ደም ሲፈሳት ወደ ጅማ ሪፈር ተባልን። ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው። እስኪገኝ ግማሽ ቀን ጠበቅን። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፋለች። አሁን ወንድሜ «ውጭ አገር ከላም ደም የተሠራ፣ ዓይነት የማይመርጥ ደም አለ» ይለኛል። እውነት ነው? ታዲያ እኛ ጋ ለምን አልመጣም? ደግሞስ ሐላል ነው?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ጅማ ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ክሮስማች፣ ማለትም የለጋሽና የበሽተኛ ደም መስማማቱን የሚያይ ምርመራ፣ ሠርቻለሁ። ኦ ኔጌቲቭ ተጠይቆ ፍሪጁ ባዶ ሲሆን ያማል። ወጥቶ ለባልየው መንገር ደግሞ ይብሳል።

ወንድምዎ አልዋሸም። ሄሞፑር የሚባል፣ ከላም ደም የተወሰደ ሄሞግሎቢን አለ፤ ሄሞግሎቢን በቀይ ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ፈቅዳዋለች። ዓይነት አይመርጥም። የደም ዓይነት የሚለየው በቀይ ሴሉ ቆዳ ላይ ባለ ምልክት ነውና፣ ቆዳው ከተገፈፈ ኤ የለ፣ ኦ የለ። ፍሪጅም አይፈልግም። የእኛው ደም በፍሪጅ ሆኖ እንኳ ቢበዛ 42 ቀን ነው የሚቆየው።

ጣጣውም ያው ቆዳው ነው። ቡና ነጋዴ ነዎትና በጆንያ ላስረዳዎት። ቀይ ሴሉ ጆንያ፣ ሄሞግሎቢኑ ቡና ነው። ጆንያው ሲቀደድ ፍሬው ይበተናል። ሄሞግሎቢንም ሲወጣ ለሁለት ይሰነጠቅና ኩላሊት ይጎዳል። ይህንን ሳይንቲስቶች በኬሚካል እያሰሩ መላ አበጁለት። ሌላው ግን አስቸገራቸው። የደም ስራችን ዘና የሚለው ናይትሪክ ኦክሳይድ በሚባል ጋዝ ነው። ጆንያ የሌለው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ እየለቀመ ይጨርሰዋል። ስሩ ይጠባል፣ ግፊት ይወጣል፣ ልብ ይጎዳል።

ይህ ወሬ አይደለም፤ ሰው ሞቶበታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ከሰው ሄሞግሎቢን የተሠራ አንዱ ምርት በአደጋ ተጎጂዎች ላይ ተሞከረ። ከወሰዱት 52 ሰዎች 24ቱ ሞቱ። ተራ ሳላይን (የጨው ውሃ) ከተሰጣቸው 46 የሞቱት 8 ናቸው። ጥናቱ እዚያው ቆመ። ሄሞፑርንም የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ለሰው ገበያ አልፈቀዱትም። ሌላ አማራጭ ለሌለው በሽተኛ በልዩ ፈቃድ ብቻ ይሰጣል። እኛ ጋ አለመምጣቱ እኔን አላስከፋኝም።

ጃፓኖች አሁን ሄሞግሎቢኑን ከስብ በተሠራች ደቃቅ ከረጢት ይጠቀልሉታል። አዲስ ጆንያ ይበሉት። በጤነኛ ሰዎች ላይ በትንሹ ሞክረውታል። እኔ ልቤ ያለው እዚህኛው ላይ ነው።

ቢሳካም ግን ለባለቤትዎ ብቻውን አይበቃም ነበር። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ነገር በውስጡ የለም፣ ከሰውነትም ቶሎ ይወጣል። ጥቅሙ ከአጋሮ ጅማ እስኪደርሱ ነው። ለመንገድ። መንገድ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፣ እርስዎ ያውቁታል።

የሐላሉን ነገር ሼኮቹን ይጠይቁ፤ እዚያ ውስጥ አልገባም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የባለቤትዎ እህትና ወንድሞች የደም ዓይነታቸውን ያውቃሉ? ኦ ኔጌቲቭ ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ውስጥ ይገኛል። ለገበያ ጅማ ሲመጡ ይዘዋቸው ይምጡና ያስመርምሯቸው። እሷም ዳግም ስታረግዝ ገና በመጀመሪያው ክትትል «ደሜ ኔጌቲቭ ነው» ትበል። የኔጌቲቭ እናት ሰውነት የፅንሱን ፖዘቲቭ ደም እንዳያጠቃ ስለሚከላከለው አንቲ-ዲ መርፌም ትጠይቅ።