መልስ፦ ጉልበቴ ቋ ቋ ሲል አጥንቴ እያለቀ ነው?

እህቴ፣ እዚህ ሐዋሳ ታቦር ተራራን ስትወጪ ጉልበትሽ ቋ ቋ እንደሚልና አጥንትሽ እየተፋጨ እንዳይሆን እንደሰጋሽ ጽፈሻል። አይዞሽ። ሕመምና እብጠት ከሌለ ድምፁ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም።

ጤነኛ ጉልበት ውስጥ አጥንት ከአጥንት ጋር አይፋጭም። ጫፎቹ ልም አጥንት በሚባል ለስላሳ ሽፋን ተሸፍነዋል። በመሃላቸው ደግሞ እንደ እንቁላል ነጭ የሚያሟልጭ ፈሳሽ አለ። ቋ የሚለው ብዙ ጊዜ እዚያ ፈሳሽ ውስጥ በሚፈጠር የጋዝ አረፋ ምክንያት ነው። አንዳንዴም ጅማት አጥንት ላይ ተንሸራቶ ሲያልፍ ይሰማል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ልም አጥንቱ ነው። የደም ሥር የለውም! ምግቡን የሚያገኘው ከዚያው ፈሳሽ ነው፤ ስትረግጪ ይጨመቃል፣ እግርሽን ስታነሺ ፈሳሹን መልሶ ይመጥጠዋል። ስለዚህ «ጉልበቴ እንዳያልቅ» ብሎ መቀመጥ ጉልበትን ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። እባክሽ መራመድሽን አታቁሚ።

ቁልቁለቱ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ስትወርጂ ሰውነትሽን የሚገታው የጭን ጡንቻ ነው። ያኔ የጉልበት ሎሚው የጭን አጥንት ላይ በኃይል ይጫናል። ብዙ ሰው ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ የሚያመው ለዚህ ነው። እርምጃሽን አሳጥሪ፣ አትሩጪ፣ ጉልበትሽን በትንሹ እጠፍ አድርጊ። በመሃል በመሃል የሐይቁን ዳር ሜዳ ለሜዳ ብትሄጂበት ደግሞ ጥሩ ነው።

ካበጠ፣ አልዘረጋ ካለ ወይም ቆመሽ ሳለ ከከዳሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ይየው።